ጭድ የሌለው ጡብ

ሐረር ውስጥ አንድ ጥያቄ በሁለት ደጃፍ ይጠየቃል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ለሼኹ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በፈረስ መጋላው መድኃኔ ዓለም ቅጥር ግቢ ለንስሐ አባት። ጠያቂው የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ የሆቴል አስተናጋጅ፣ የመጋዘን ጸሐፊ ወይም የግል ትምህርት ቤት መምህር ሊሆን ይችላል። ነገሩ ግን ያው ነው። አለቃው ዕቅዱን በየሩብ ዓመቱ ከፍ ያደርግበታል፤ የሚሠራበትን ዕቃ ሲጠይቅ በጀት የለም ይባላል፣ ሰው ሲጠይቅ ቅጥር ቆሟል ይባላል። ዕቅዱ ሲጎድል ግምገማ ላይ ስሙ ይነሳል፣ ሲሞላ ማንም ምንም አይለውም። ልጆች አሉት፣ የቤት ኪራይ አለበት። ጥያቄው አጭር ነው፦ እስከ መቼ ልታገሥ?

መልሱም የታወቀ ነው። አንደኛው ደጃፍ ላይ «ሶብር አድርግ» ይባላል፤ ሌላው ጋ «ታገሥ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያያል»።

ይህ መልስ ሐሰት አይደለም። ትዕግሥት በሁለቱም ሃይማኖቶች ከታላላቆቹ ምግባራት አንዱ ነው። ችግሩ መልሱ ግማሽ መሆኑ ነው። ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው ሁልጊዜ ሠራተኛው ስለሆነ፣ ምክሩም፣ ሸክሙም፣ የሕሊና ምርመራውም ለሠራተኛው ብቻ ይደርሰዋል። አለቃው «እስከ መቼ ላስጨንቃቸው?» ብሎ ሼኹንም ሆነ ቄሱን ሊጠይቅ አይመጣም። መጻሕፍቱ ሲገለጡ ግን በሥራና በደመወዝ ጉዳይ ከባዱ ቃል የተነገረው ለእርሱ ነው።

ነገሩን ከመጽሐፍ በፊት በአንድ የከተማዋ ሠራተኛ ሕይወት ማየት ይጠቅማል። በሐረር ታሪክ ስለ ሥራውና ስለ አሠሪዎቹ ያማረረበት ጽሑፍ በብዛት የተረፈለት ሰው ቢፈለግ፣ ከፈረንሳዊው አርተር ራምቦ የሚቀድም ያለ አይመስልም። ጎብኚ የሚያውቀው በገጣሚነቱ ነው፤ ወደ ሐረር የመጣው ግን ግጥምን ከተወ ዓመታት አልፈው፣ ተቀጥሮ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1880 ኤደን ሲደርስ የእነ አልፍሬድ ባርዴ ንግድ ቤት ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን እንዲቆጣጠር ቀጠረው። በኖቬምበር ለሐረር ቅርንጫፍ ውል ፈረመ፦ በወር 150 ሩፒ፣ ምግብና ማደሪያ፣ ከትርፉም ጥቂት ድርሻ። በረሃውን አቋርጦ በዲሴምበር በግንብ ወደ ታጠረችው የሐረር ከተማ፣ ወደ ጁገል፣ ሲገባ ዕድሜው 26 ነበር። ከተማዋን ያኔ የያዙት ግብፆች ነበሩ።

ለእናቱና ለእህቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ዛሬ በየቢሮው ኮሪደር ከሚሰማው ሮሮ ብዙም አይርቁም። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ክፍያው ከድካሙ ጋር አይመጣጠንም፣ የተጠየቀው ዕቃ በጊዜው አይደርስም፣ ዕድሜው በከንቱ እያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ድርጅቱ ሲናጋ የሐረሩ ቅርንጫፍ ተዘጋ፣ እርሱም ሥራ አጣ። ባርዴ አዲስ ንግድ ሲያቋቁም መልሶ ወሰደው። በኦክቶበር 1885 ግን ተጣልቶ ለቀቀ፤ ለዓመታት ሲያገለግላቸው ጉልበቱን እንደ በዘበዙት ለቤተሰቡ በምሬት ጻፈ።

በዚያው ወር ባርዴ የምስክር ወረቀት ሰጠው። ወረቀቱ አገልግሎቱንና ታማኝነቱን ያመሰግናል። ራምቦ ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀውን ዘገባ ለፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር ያደረሰውና እ.ኤ.አ. በ1884 እንዲታተም ምክንያት የሆነውም ይኸው አለቃ ነው። ባርዴ ጨካኝ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ሠራተኛውም አልዋሸም።

ታዲያ በደሉ ከየት መጣ? አንዱ መልስ ከርቀት ነው። ካፒታሉ ሊዮን ነበር፣ ትእዛዙ ከኤደን ይወጣ ነበር፣ ቡናው የሚገዛው ሐረር ነበር። በኤደንና በሐረር መካከል ባሕርና ሳምንታት የሚፈጅ የግመል መንገድ አለ። ሊዮን ተቀምጦ የቡናውን መጠን የሚወስነው ሰው የሐረሩን ወባና ዝናብ፣ የጠፋውን ግመል፣ የተዘጋውን መንገድ አያይም፤ የሚያየው ቁጥር ነው። የጥንቱ የሐረሪ ቤት በዚህ ረገድ ተቃራኒ ነው። በትልቁ ክፍል ውስጥ ነደባ የሚባሉት የመቀመጫ መደቦች ደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል፤ የቤቱ ጌታ በአሚር ነደባ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው በየማዕረጉ ዝቅ ይላል። ማዕረግ አለ፣ ማንም አይክደውም። ግን ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ ላይ ያለው ታች ያለውን ፊት ለፊት ያየዋል፣ ሲያስል ይሰማዋል።

የኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5 ስለ ክፉ አስተዳደር ከተጻፉት ሁሉ ጥርት ያለው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እስራኤላውያን ለፈርዖን ጡብ ይሠራሉ፤ ጭዱን የሚያቀርበው መንግሥት ነበር። ሙሴና አሮን ለሕዝቡ ዕረፍት ሲጠይቁ ፈርዖን ተቆጣና ጭዱ እንዲቀር፣ ሕዝቡ ራሱ እየዞረ እንዲለቅም፣ የጡቡ ቁጥር ግን ከቀድሞው አንድም እንዳይጎድል አዘዘ። ጭቃ ቤት ያስመረገ ሁሉ ጭድ የሌለው ጭቃ እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። ፈርዖን የጡቡን ቁጥር አልጨመረም። የነሣው መሥሪያውን ነው።

በዚያ ምዕራፍ ሦስት ነገሮች አብረው ይሄዳሉ፣ ዛሬም አብረው ሲሄዱ ይታያሉ። መጀመሪያ ድጋፉ ይነሣል። ቀጥሎ ውጤቱ ሲጎድል ስንፍና ተብሎ ይተረጎማል፤ ፈርዖን ለአቤቱታቸው የሰጠው መልስ ሰነፎች ስለሆናችሁ ነው የሚል ነበር። በመጨረሻ ሕዝቡ እርስ በርሱ ይጣላል፤ ከፈርዖን ፊት ተባርረው የወጡት የእስራኤል ሹማምንት ቁጣቸውን ያወረዱት ነገሩን ባነሡት በሙሴና በአሮን ላይ ነው። ቢሮ ውስጥ አቤቱታ ያነሣ ሰው በባልደረቦቹ ዘንድ «አስመታን» ተብሎ የሚጠላው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ፈርዖንን ያየው ሙሴ ግን ሌላ አሠሪም አይቷል። ቁርኣን በሱረቱል ቀሶስ ይህን ታሪክ በጥንቃቄ ይነግረዋል። ሙሳ ከግብፅ ሸሽቶ መድየን ደረሰ፤ እዚያ ካገኛቸው ሁለት እኅትማማቾች አንዷ አባቷን «ቅጠረው» አለችው፣ ብርቱና ታማኝ ነውና። ሽማግሌው (ብዙዎቹ ተርጓሚዎች ነቢዩ ሹዐይብ ናቸው ይላሉ) የውሉን ቃል በግልጽ አስቀመጠ። ከልጆቹ አንዷን ይድርለታል፤ ሙሳ ስምንት ዓመት ያገለግላል። አሥር ቢሞላ ከራሱ በጎ ፈቃድ ነው እንጂ ግዴታ የለበትም። ከዚያም አሠሪው ራሱ ስለ ራሱ ቃል ገባ፦ ላስቸግርህ አልሻም፣ አላህ ቢፈቅድ ከደጋጎቹ ሆኜ ታገኘኛለህ ይላል። ሙሳም ከሁለቱ ጊዜያት የትኛውንም ቢፈጽም ወሰን እንዳይታለፍበት ጠይቆ፣ አላህን በቃላቸው ላይ ምስክር አደረገ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። በዚህ ውል ሥነ ምግባሩን መጀመሪያ ያስመዘገበው ተቀጣሪው አይደለም። ዛሬ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ የሥነ ምግባር ቅጽ ይፈርማል፤ አሠሪው «አላስቸግርህም» ብሎ የሚፈርምበት ቅጽ የት አለ?

የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። የሠራተኛውን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ ስጡ የሚለው ሐዲስ ኢብን ማጃህ ዘንድ ይገኛል፤ ሐረር ውስጥ የማያውቀው የለም። ቡኻሪ ካስተላለፏቸው አንዱ ደግሞ በቂያማ ቀን አላህ ራሱ ባላጋራ ከሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ ተቀብሎ ዋጋውን ያልከፈለው መሆኑን ይናገራል። ከእነዚህ ያነሰ የሚጠቀሰው፣ ለዚህ ጽሑፍ ግን ዋነኛው፣ ከእጃችሁ በታች ያሉት ወንድሞቻችሁ ናቸው የሚለው ነው። ከምትበሉት አብሏቸው፣ ከምትለብሱት አልብሷቸው፣ ከአቅማቸው በላይ አታሸክሟቸው ይላል፤ ካሸከማችኋቸውም አግዟቸው። ሐዲሱ ከባድ ሥራ ጨርሶ አይታዘዝ አላለም። ያዘዘ ያግዝ ነው ያለው። የፈርዖን ትእዛዝ ፍጹም ተቃራኒ ይህ ነው። ነቢዩን አሥር ዓመት ያገለገሉት አነስ ኢብን ማሊክም በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን «ኡፍ» እንዳላሏቸው፣ ይህን ለምን አደረግህ፣ ያንን ለምን ተውህ ብለው እንዳላሳፈሯቸው መስክረዋል።

በክርስትናው ወገን ለታጋሽነት የሚጠቀሰው ጥቅስ በ1ኛ ጴጥሮስ 2፥18 ያለው ነው። ሎሌዎች ለደጋግ ጌቶች ብቻ ሳይሆን ለጠማሞችም ይገዙ የሚለው። ጥቅሱ እውነተኛ ነው፤ የተነገረው ግን ለቤት ባሮች ነው። መሄጃ፣ መክሰሻ፣ ሥራ መልቀቂያ ላልነበራቸው ሰዎች በመከራ ውስጥ ክብራቸውን እንዳያጡ የተነገረ ማጽናኛን፣ ውል ፈርሞ በገባ ሠራተኛ ላይ እንደ ሕግ መጫን ሐዋርያውን ያላለውን ማናገር ነው። ሐረር ይህን ልዩነት ታውቀዋለች። ለረጅም ዘመን የባሪያ ንግድ የሚያልፍባት ከተማ ነበረች፤ በኢትዮጵያ ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። የሐዋርያቱን መልእክት ጥቂት ገለጥ ያደረገ ደግሞ ሌላውንም ያገኛል። ቆላስይስ 4፥1 ጌቶች እነርሱም በሰማይ ጌታ እንዳላቸው አውቀው ለባሮቻቸው ፍትሕንና ቅንነትን እንዲያደርጉ ያዛል፤ ያዕቆብ 5፥4 ከአጫጆች የተከለከለው ደመወዝ ራሱ እንደሚጮህ ይናገራል። ለባሪያ ይህ ከተባለ ለነፃ ሠራተኛ ምን ሊባል ነው?

የትዕግሥት ምክር በሁለቱም ደጃፎች ሲሰጥ የሚጠራው ስም ኢዮብ ነው፤ አዩብ። የኢዮብ ትዕግሥት ተብሎ ይመረቃል፣ ይዘፈናል፣ ይጻፋል። ይሁንና ኢዮብ ሰባት ሺህ በጎች፣ ሦስት ሺህ ግመሎችና እጅግ ብዙ አገልጋዮች የነበሩት አሠሪም ነበር። በመጽሐፉ ምዕራፍ 31 ሕይወቱን በእግዚአብሔር ፊት ሲመረምር ከሚቆጥራቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነው። ሎሌው ወይም ገረዱ ከእርሱ ጋር በተሟገቱ ጊዜ አቤቱታቸውን ንቆ ከነበረ፣ እግዚአብሔር ሲነሣ ምን ይመልሳል? እርሱን በማኅፀን የፈጠረው እነርሱንስ አልፈጠረምን? ኢዮብ «አገልጋዮቼ ይታገሡ» አላለም። ለራሱ በሥቃዩ ታገሠ፣ ለሌሎች ግን ክርክራቸውን ሰማ። ደግሞም ታጋሹ ኢዮብ ዝም ያለ ሰው አይደለም፤ መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር የእርሱ ሙግት ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር፣ የትዕግሥት አባት የተባለው ሰው ከፈጣሪው ጋር ሳይቀር ተሟግቷል፤ በመጨረሻም ቅን ተናገረ የተባለው እርሱ ነው እንጂ «አንተው አጥፍተህ ነው» ሲሉት የነበሩት ወዳጆቹ አይደሉም።

ስለዚህ ትዕግሥትና ዝምታ አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ቀላል ቢመስልም በየቀኑ ይሳታል። ለመሳቱም ምክንያት አለው። ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ቬይ መምህርነቷን ለጊዜው ትታ እ.ኤ.አ. በ1934 እና 1935 ፓሪስ ውስጥ በፋብሪካዎች፣ በኋላም ሬኖ ዘንድ፣ ተራ ሠራተኛ ሆና ነበር። ጭቆናው በሰው ውስጥ አመፅን ያስነሣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ በራሷ ላይ ያየችው ግን ታዛዥነትን ነው። ጫና የበዛበት ሰው ማሰብ ያቆማል። ከውጭ ሲታይ ታጋሽ ይመስላል። ሼኹና ቄሱ ፊት የሚቆመው ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ፣ በነፍሱ ጸንቶ የሚታገሥ ይሁን ወይስ የደነዘዘ፣ ሳይለዩ «ታገሥ» ማለት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

ከድንዛዜው የባሰም አለ። ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ ሐረር ውስጥ፣ ኤደን ካለው ነጋዴ ሴዛር ቲያን ጋር እየሠራ፣ የራሱ ንግድ ቤት አለቃ ሆነ። በ1891 መጀመሪያ ጉልበቱ አበጠ፤ መራመድ አቃተው። በኤፕሪል 7 ቀን በራሱ ንድፍ በተሠራ ቃሬዛ ላይ 16 ተሸካሚዎች ተሸክመውት ከሐረር ወጣ። ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ ተራራና በረሃ ነው፤ ዝናብ መታቸው፣ ድንኳንና ስንቅ ከኋላ ቀረ። ሥቃዩ ሊገመት ከሚችለው በላይ እንደነበር አያጠራጥርም፤ በሜይ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፣ በኖቬምበር ሞተ። በዚያ የቃሬዛ ጉዞ በያዘው አጭር ማስታወሻ ግን አንድ መስመር አለ። ተሸካሚዎቹ ሲያወርዱት መሬት ላይ ስለጣሉት አራት ብር ቅጣት ጣለባቸው፤ ለአራት ሰዎች አንዳንድ የማሪያ ትሬዛ ብር፣ በየስማቸው። የእነዚያ ሰዎች ስም ለታሪክ የተረፈው በዚህ የቅጣት መዝገብ ነው።

በታመመ ሰው ላይ መፍረድ አይገባም። ራምቦ ቸርነትም ነበረው፤ ሐረር ለዓመታት ላገለገለው ለጃሚ ገንዘብ እንዲደርሰው በሞት አልጋው ላይ አደራ ብሏል። ነገር ግን «በዘበዙኝ» ብሎ ለእናቱ የጻፈው እጅ እና ቅጣቱን የመዘገበው እጅ አንድ መሆናቸው ሊታለፍ አይችልም። ክፉ አስተዳደር ሠራተኛውን የሚጎዳው በደመወዝና በጤና ብቻ አይደለም። አለቃ መሆን ምን እንደሆነ ያስተምረዋል። ሲሾም ሌላ የሚያውቀው ነገር የለውም።

እዚህ ላይ ሃይማኖታዊው ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። ሠራተኛው «እስከ መቼ ልታገሥ?» ሲል አብሮ ሊጠይቀው የሚገባው «ይህ ሥራ ምን ዓይነት ሰው እያደረገኝ ነው?» የሚለውን ነው። ድካም በዕረፍት ይድናል። ልጁን እንደ አለቃው የሚጮህበት፣ ጥበቃውን ወይም ጽዳት ሠራተኛዋን እርሱ እንደተናቀ የሚንቅ ሰው ግን ትዕግሥቱ ገደብ አልፏል፤ የሚከፍለው የራሱን ብቻ አይደለምና።

«ይልቀቅ» ማለት ለጸሐፊ ይቀላል። በጥቂት መቶ የሥራ ቦታዎች ላይ ሺዎች በሚጠብቁበት ከተማ እንጀራን ጥሎ መውጣት ለብዙዎች መንገድ አይደለም፤ ቤተሰብን መመገብም ራሱ ሃይማኖታዊ ግዴታ ነው። በመልቀቅና በዝምታ መካከል ግን ሰፊ ቦታ አለ፣ ሐረርም ሳታውቀው አልቀረችም። የሐረሪዎች አፎቻና የክርስቲያኖቹ እድር ሐዘንንና ሠርግን አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሸከም ለትውልዶች አድርገዋል። ሰው ሲሞት ጎረቤት ሥራውን ትቶ ይመጣል። ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሲዋረድ ግን የራሱ ጉዳይ ይሆናል፤ ማታ ለሚስቱ ይነግራል፣ ወይም ጫት ቤት ያወራዋል። ይህ ለምን ሆነ? የሥራን ሸክም በጋራ መያዝ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ባቡሩ ተራራውን መውጣት አቅቶት በቀረባት በድሬዳዋ፣ የምድር ባቡር ሠራተኞች ከአገሪቱ ቀደምት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱን መሥርተው ነበር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም መሠረቱ እንዲህ ያሉ ስብስቦች ነበሩ። አፎቻ የሚያውቅ ሕዝብ ማኅበር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሕጉም ቢሆን ከመጻሕፍቱ ጋር በአንድ ነጥብ ይገናኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 የአሠሪውን ግዴታዎች ሲዘረዝር፣ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ዕቃ እንዲያቀርብ፣ የሠራተኛውንም ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያዛል። የጭዱ ጉዳይ በኢትዮጵያ ሕግ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። አንቀጽ 32 ደግሞ አሠሪው ሰብዓዊ ክብሩን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመበት ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል። አዋጁ የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም፣ የሥራ መሪዎችንም አያቅፍም፤ ሌላውን ብዙ ሰው ግን ይመለከታል። ለንስሐ ልጁ ወይም ለጀመዓው «ታገሥ» የሚል መምህር ይህን አንቀጽ አብሮ ቢነግረው ከትዕግሥት ትምህርት አንዲት ፊደል አይጎድልበትም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው ተረስቷል፤ የቅርብ አለቃው። ዕቅዱን የሚያወጣው እርሱ አይደለም፣ ጭዱንም የነሣው እርሱ አይደለም። ከላይ ያለው ይጮህበታል፣ ከታች ያለው ይረግመዋል። ዘጸአት 5 እርሱንም አልዘለለውም። የፈርዖን ሠራተኛ ተቆጣጣሪዎች በየቡድኑ ላይ የሾሟቸው እስራኤላውያን ሹማምንት ነበሩ፤ ጡቡ ሲጎድል የተገረፉት እነዚህ ናቸው። ፈርዖን ፊት ቆመው ጭድ ሳይሰጠን ጡብ ሥሩ ይሉናል ብለው አቤት ያሉትም እነርሱ ናቸው። በትሩን ወደ ታች ማውረድ ይችሉ ነበር፤ ግን በራሳቸው ላይ ተቀበሉት። ይህም በኋላ አልተረሳም። ዘኍልቍ 11 ላይ እግዚአብሔር ሙሴን የሕዝቡ ሽማግሌዎችና ሹማምንት እንደሆኑ የሚያውቃቸውን ሰባ ሰዎች ወደ መገናኛው ድንኳን እንዲያመጣ፣ ከእርሱ ላይ ካለው መንፈስ ወስዶ በእነርሱ ላይ እንደሚያኖር ይነግረዋል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ሊቅ ራሺ ከቀደሙት አባቶች ተቀብሎ እንዳስረዳው፣ ለዚህ ክብር የታጩት ሌሎች አልነበሩም፤ ግብፅ ውስጥ በሕዝቡ ፈንታ የተገረፉት እነዚያው ሹማምንት ነበሩ።